ጫጩቷ በእርግጥ የቲም ናት?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛፍ ሥር የወደቀች የወፍ ጫጩት ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? አንስታችሁ ወደ ቤት? ቆዩ!

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ሰሓቦች ጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ትንሽ ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ መጥታ ክንፏን እያርገበገበች ታንዣብብ ጀመር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲያዩ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ልጆቿም እንዲመለሱላት አዘዙ።

እዝነት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ልጅን ለእናቱ ከመመለስ።

ላባ አብቅላ መሬት ላይ የምትዘልል ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ የቲም አይደለችም። መብረር እየተማረች ነው፤ ወላጆቿም በቅርብ ሆነው ይመግቧታል። ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ላባ ካላወጣች ወደ ጎጆዋ መልሷት። «ሰው ከነካት እናቷ ትተዋታለች» የሚባለው እውነት አይደለም።

እናቷ በእርግጥ ከሞተችስ? ያኔ አማናው እናንተ ላይ ነው። ግን ዒልም የሌለው እዝነት ይገድላል። ወተት አትስጧት፤ ሆዷ አይችለውም። ውሃም አፏ ውስጥ አታንጠባጥቡ፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። መጀመሪያ አሙቋት፤ ከዚያ የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ስታድግ ደግሞ ልቀቋት። ሰውን የለመደች ወፍ ዱር ውስጥ መኖር ይከብዳታል።

ሱረቱል ሙልክ ወፎችን በአየር ላይ የሚይዛቸው አር-ረሕማን መሆኑን ያስታውሰናል። የእኛ ድርሻ እዚያ እስክትደርስ ማገዝ እንጂ የራሳችን ማድረግ አይደለም። የሰው የቲም ስናሳድግም እንዲሁ ነው፤ በእግሩ እንዲቆም እንጂ ባለውለታችን ሆኖ እንዲኖር አይደለም።

አላህ ከአዛኞች ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!