ጠጠርና ተስፋ
በኖቫ ሁታ ጸደይ እምነትን ስለ መጠበቅ

ሰው የሚጠብቀው ነገር ሳይመጣ ሲቀር፣ እንደ ገና ጠብቆ እንደ ገና ሳይመጣ ሲቀር፣ አሁንም መጠበቁን ያልተወ እንደ ሆነ ምን እንበለው? ጽኑ ነው ወይስ ተላላ? ጥያቄው የሃይማኖት ሰዎች ብቻ አይደለም። ያስተማረው ትምህርት ፍሬ ሳያሳየው ዓመት የሚያልፍበት መምህር፣ ተመልካች ሳያገኝ ሸራ የሚወጥር ሠዓሊ፣ የነገውን ኅብረተሰብ ዛሬ ባለው ሰው እገነባለሁ ብሎ የተነሣ ካድሬ፣ ሁሉም በየፊናቸው ይኸው ጥያቄ ያገኛቸዋል። ስለዚህም ነገሩን በአየር ላይ ከማንጠልጠል አንድ ተጨባጭ ቦታና አንድ የታወቀ ሕዝብ ይዞ መመርመሩ ይሻላል። ቦታው በፖላንድ አገር፣ በክራኮቭ ከተማ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው ኖቫ ሁታ ናት። ሕዝቡ የብረታ ብረት ፋብሪካ ወዝ አደር ነው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

ኖቫ ሁታ ማለት በአገሩ ቋንቋ አዲሱ የብረት ማቅለጫ ማለት ነው። መሠረቷ በ1949 ሲጣል ለ100,000 ሰው የምትበቃ የሶሻሊስት ከተማ ትሆን ዘንድ ታቀደች። ከየገጠሩ የፈለሰው ወጣት ገበሬ ጭቃውን እየረገጠ ሠራት፤ ከዚያም በሌኒን ስም የተሰየመው ታላቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሆነ። ሰፋፊ ጎዳና፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ቲያትር፣ የሕፃናት መዋያ ተሠራላት። ቤተ ክርስቲያን ግን በፕላኑ ውስጥ አልነበረም። በዳርቻዋ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆየ የሞጊዋ ገዳም ቢኖርም ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ አልነበረም። የፕላኑ አውጪዎች አዲሱ ከተማ አዲስ ሰው ይወልዳል፣ አዲስ ሰው ደግሞ የአሮጌው ሰው ጥማት አይጠማውም ብለው አስበው ነበር። በዚህ ሐሳብ ዛሬ መሳቅ ቀላል ነው፤ ጸሐፊው ግን መሳቅ አይወድም። በአንድ ክፍል ጎጆ ከከብት ጋር ላደገ ሰው መብራትና የቧንቧ ውሃ ያለው ቤት መስጠት ትንሽ ነገር አይደለም። ስሕተቱ ያለው ከመስጠቱ ላይ ሳይሆን፣ ይህን ካገኘ ሌላ የሚለምነው የለም ከሚለው ድምዳሜ ላይ ነው።

ለማኙ መጣ። በ1956 መጨረሻ የአገሪቱ የፖለቲካ አየር በለዘበ ጊዜ ሠራተኞቹ ቤተ ክርስቲያን እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። በማርች 1957 በተሰጣቸው ቦታ ላይ የእንጨት መስቀል ተከሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ፈቃዱ ተነሣ፤ በቦታው ትምህርት ቤት ይሠራበት ተባለ። ኤፕሪል 27 ቀን 1960 መስቀሉን የሚነቅሉ ሰዎች ሲመጡ ቀድመው የደረሱባቸው ሴቶች ነበሩ። ቀኑ እየገፋ ከፋብሪካው የወጡ ወንዶች ተጨመሩ፤ ከሚሊሺያው ጋር ግጭት ሆነ፤ አስለቃሽ ጢስ ተተኮሰ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ። መስቀሉ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

እዚህ ላይ መምህር የሆነ አንባቢ፣ «ታዲያ ትምህርት ቤት ምን ክፋት አለው?» ይል ይሆናል። ምንም ክፋት የለውም። ሴቶቹም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት የጠሉ አልነበሩም። የነገሩ ቁም ነገር የተሰጠ ቃል መታጠፉ ነው። በአማርኛችን እምነት የምንለው አንድ ቃል፣ ሰው ከፈጣሪው ጋር ያለውንም ሰው ከሰው ጋር ያለውንም ይይዛል፤ ባለ ሱቁ በእምነት ይሸጣል፣ ምእመኑ በእምነት ይጸልያል። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ቋንቋ አልተሳሳተም። በዚያ ጸደይ የተናጋው ሁለተኛው እምነት ስለ ነበረ፣ ወደ መቅደስ አዘውትሮ የማይሄደውም ሠራተኛ ከሴቶቹ ጎን ለመቆም አላመነታም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ግጭቱ አይወራም፤ ለእኛ ጥያቄ ግን ከግጭቱ ይበልጥ ይጠቅማል። ሕዝቡ ጠበቀ። አጠባበቁ ግን እጅ አጣጥፎ አልነበረም። ቢየንቺትሴ በሚባለው ሰፈር፣ ከ1959 ጀምሮ፣ ያን ጊዜ ረዳት ጳጳስ የነበሩት ካሮል ቮይቲዋ የልደትን ሌሊት ቅዳሴ በሜዳ ላይ ይቀድሱ ነበር፤ ሰዉ በበረዶ ውስጥ ቆሞ ያስቀድሳል። ዝናቡም ብርዱም ከዓመት ዓመት አልተለወጠም። ቤት የሌለው ቁምስና እንዲህ ኖረ። ቁምስና ማለት፣ በካቶሊካውያን አነጋገር፣ አንድ ቆሞስ የሚያገለግለው አጥቢያ ነው፤ የቢየንቺትሴ ሰዎች ግን ቁምስና ከግድግዳ በፊት ሊኖር የሚችል የሰዎች መሰባሰብ መሆኑን አሳዩ።

በመጨረሻ ፈቃዱ ተገኘ፤ በኦክቶበር 1967 ካርዲናል ቮይቲዋ የመጀመሪያውን አፈር ቆፈሩ። መንግሥት ግን ፈቀደ እንጂ አልረዳም። ሲሚንቶና ሠራተኛ የሚገኘው በጎ ፈቃደኛ ሲኖር ብቻ ስለ ነበረ፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም የመጡ ሰዎች እያፈራረቁ ሠሩ፤ ሥራውም አሥር ዓመት ያህል ፈጀ። የመርከብ ቅርፅ ያለውን ሕንፃ የነደፈው አርክቴክት ቮይቼህ ፒየትሺክ ነበር። የውጭውን ግድግዳ የሚያለብሰው የወንዝ ጠጠር እንዲሆን ተወሰነ። የሚያስፈልገው ሁለት ሚሊዮን ያህል ጠጠር ነበር፤ ሕዝቡ ከየአገሩ ወንዝ እየለቀመ አመጣው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረታችን ለዚህ ግድግዳ የተነገረ ይመስላል። ለአርቲስቶች አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ይህ ግድግዳ ስለ ኅብረት የሚናገር ሥዕል አልተሣለበትም፤ ራሱ የኅብረቱ ሥራ ነው። ቅርፅና ይዘት እንዲህ የሚገጥሙበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ሜይ 15 ቀን 1977 ተባረከ። መስቀሉ ከተጠበቀበት ጸደይ አሥራ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። ፋብሪካውንና ቤተ ክርስቲያኑን የሠራው ያው የወዝ አደር እጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ ተስፋ ምንድን ነው ወደሚለው እንመለስ። የ13ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ቶማስ ዘአኩዊኖ ተስፋን ከምኞት ለይቶታል፤ ተስፋ የሚደረገው ነገር በጎ፣ ገና ያልመጣ፣ ለማግኘት የሚያስቸግር፣ ሆኖም ሊገኝ የሚችል መሆን አለበት። ቀላሉን ነገር ሰው ይፈልገዋል እንጂ ተስፋ አያደርገውም። የማይሆነውንም ይመኘዋል እንጂ ተስፋ አያደርገውም። ከዚህ በመነሣት ሁለት ውድቀት ያያል፤ አንደኛው ተስፋ መቁረጥ፣ ሁለተኛው ያለ ድካም አገኛለሁ ብሎ በከንቱ መታመን ነው። ቋንቋችን በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ተስፋ አለቀ ወይም ተስፋ ጠፋ ከማለት ይልቅ ተስፋ ቆረጠ እንላለን። ቢላዋው በባለ ተስፋው እጅ ነው ማለት ነው።

መስቀሉ በተተከለበት በዚያው በ1957፣ በጎረቤት ምሥራቅ ጀርመን፣ ማርክሳዊው ፈላስፋ ኤርንስት ብሎህ ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ወንበሩ በግድ ጡረታ እንዲወጣ ተደረገ። ብሎህ በሦስት ጥራዝ የጻፈው ታላቅ መጽሐፉ ርእሱ የተስፋ መርሕ ነው። በአምላክ ባያምንም በሃይማኖት ውስጥ ገና ያልሆነውን ዓለም የሚናፍቅ የሰው ልጅ ጩኸት መኖሩን አልካደም። ማርክስ ስለ ሃይማኖት የተናገረውን ብዙዎች ጭራውን ይዘው ራሱን ይረሱታል፤ ብሎህ ራሱን አልረሳውም። በአንድ ወቅት አንድ ፈላስፋና በሺህ የሚቆጠሩ ወዝ አደሮች፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ ተስፋ በትእዛዝ የማይሰጥና በትእዛዝ የማይነሣ ነገር መሆኑን ያወቁት በራሳቸው ላይ በደረሰው ነው።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ደስ የሚል የድል ታሪክ በሆነ ነበር። ነገር ግን አልቆመም። ቮይቲዋ በ1978 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው በተከታዩ ዓመት አገራቸውን ሲጎበኙ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን እንዲመጡ አልተፈቀደላቸውም፤ ጁን 9 ቀን 1979 በሞጊዋው ገዳም ቀደሱ። በወታደራዊው አዋጅ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ የሰልፈኞች መሰብሰቢያ ሆነ፤ በኦክቶበር 1982 አንድ የ20 ዓመት ወጣት በአካባቢው በጥይት ተገደለ። በ1973 የቆመው የሌኒን ሐውልት በዲሴምበር 1989 ወረደ። ከዚያ ወዲህ የሚከለክል የለም። ፋብሪካው በደጉ ዘመኑ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ነበረው፤ ስሙም ባለቤቱም ተለውጦ እየጠበበ ሄደ፤ በ2020 የመጨረሻው የብረት ማቅለጫ ምድጃው ለዘለቄታው እንደሚዘጋ ተነገረ። በአገሪቱም የሚያስቀድሰው ሰው ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ቀንሷል፤ ከሁሉ ይልቅ የወጣቱ።

በጸሐፊው አስተያየት ከባዱ ፈተና ይህኛው ነው። ከልካይ ያለው ተስፋ ግማሽ ኃይሉን የሚያገኘው ከከልካዩ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ሰው የቆመው በእግሩ ይሁን በግድግዳው አይታወቅም። ግድግዳው ሲነሣ ይታወቃል። የ1960ዎቹ ሴቶች በብርድ የቆሙት እምነታቸው ጠንካራ ስለ ነበረ ነው ወይስ እልህ ስለ ያዛቸው? ምናልባት ሁለቱም ነው፤ እልህንም ማናናቅ አይገባም፤ ብዙ መልካም ነገር የተሠራው በእልህ ነው። ሆኖም እልህ ለልጅ አይወረስም።

ዛሬ በፖላንድ የጸደይ መጀመሪያ፣ በሆሳዕና ዕለት፣ ዘንባባ በማይበቅልበት አገር ምእመናን የአኻያ ቅርንጫፍ ይዘው ይወጣሉ፤ በእኛ አገር ዘንባባው በጣት ላይ እንደሚታሰረው ሁሉ። አኻያው የሚመረጠው ቅጠል ሳያወጣ፣ ገና በብርዱ፣ ጥጥ የመሰለ እንቡጥ ስለሚያሳይ ነው። በቀዳሚት ሥዑር ደግሞ እንቁላል፣ ዳቦና ጨው በቅርጫት ይዘው ለማስባረክ ይመጣሉ። በቢየንቺትሴም ቅርጫቱን የምታቀርበው ወጣት እናት ማንም አልከለከላትም፣ ማንም አላስገደዳትም። ብትቀርም የሚጠይቃት የለም። በአጠገቧ ባለው ግድግዳ ላይ አያቷ ከአንድ ወንዝ ያመጡት ጠጠር ይኖር ይሆናል፤ ከሁለት ሚሊዮኑ የትኛው እንደ ሆነ ግን አያቷም አያውቁትም።