የጎረቤት ክለብና የጎረቤት ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባብያን! የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶች ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። «ስለ ኳስ በዲን ዓምድ ላይ ምን ያስወራል?» የሚል ወንድምም አይጠፋም። ሆኖም ሸይጣን ወደ ሰው ልብ ለመግባት ትልቁ በር እስኪከፈትለት አይጠብቅም። በዘጠና ደቂቃ ጨዋታ ቀዳዳ ገብቶ የሃያ ዓመት ጉርብትና ሲያናጋ አይቻለሁ። በዚያ ጥፋት ውስጥም የራሴ ድርሻ ስላለበት ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሮቢት ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። ይኸው መንገድ ቆቦን አልፎ በአላማጣና በማይጨው አድርጎ መቐለ ይደርሳል። የራያ ሰው ሲነግድም ሲጋባም የኖረው በዚህ መንገድ ወደ ላይም ወደ ታችም እየተመላለሰ ነው። በአንድ ቤት ማዕድ ላይ አባት በአማርኛ፣ እናት በትግርኛ ቢስሚላህ ሲሉ ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም።

የአክስቴ ባል የማይጨው ሰው ናቸው። ሮቢት ላይ ሱቅ ከፍተው ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። ልጅ ሳለሁ ጀምሮ የማውቃቸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሚዛን ባለማጉደላቸው፣ ሁለተኛው ከጆሯቸው በማይለየው ትንሽ ሬዲዮ። የመቐለ ከነማ ደጋፊ ናቸው፤ ደብቀውትም አያውቁ። የሰፈራችን ልጅ ደግሞ የወልዲያ ነው። በተለይ በ2009 ጥር ወር ወልዲያ ላይ ያ ትልቅ ስታዲየም ከተመረቀ በኋላ የልጁ ኩራት ሰማይ ነክቶ ነበር። መቐለ በከፍተኛ ሊግ ሳለ በተሸነፈ ቁጥር ልጆቹ በሱቁ ደጃፍ ይሰበሰቡና «አባባ፣ ዛሬ ሬዲዮው ምን አለ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም እየሳቁ ከረሜላ ያድላሉ። በተቀናቃኝ ክለብ አገር መኖር ማለት ለእሳቸው ከዚህ ያለፈ ክብደት አልነበረውም።

በ2010 መቐለ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገና ከወልዲያ ጋር በአንድ ሊግ ተገናኙ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወልዲያ ላይ ሊደረግ የነበረው የሁለቱ ግጥሚያ ሳይካሄድ ቀረ። ከጨዋታው በፊት በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ወደመ። እንደሚታወቀው ኳሱ ክብሪት እንጂ ማገዶ አልነበረም። ማገዶው ከብዙ ጊዜ በፊት የተከመረ ቂም ነበር። በጥር ወር ደግሞ በዚያችው ከተማ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት እንደገና ሕይወት ጠፋ። ሁከቱም ቆቦንና መርሳን አዳረሰ።

እኔ በኅዳሩ ሰሞን ለመውሊድ በዓል ከአዲስ አበባ ፈቃድ ወስጄ ሮቢት ነበርኩ። ከዚያች እሑድ በኋላ በአክስቴ ባል ሱቅ ደጃፍ የሚቆም ሰው ቀነሰ። የሰደባቸው የለም፣ ድንጋይ የወረወረም የለም። ብቻ ሰዉ ስኳሩን ከማዶ መግዛት ጀመረ። አንድ ቀን ከዙህር ሰላት በኋላ በመስጊዱ በር ላይ ተገጣጠምን። «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉኝ። ከጎኔ የሰፈር ጓደኞቼ ቆመዋል። እኔ ስልኬን እንደሚያይ ሰው አቀርቅሬ አለፍኩ።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ፣ ለሕዝብ እጽፋለሁ የምል ሰው ነኝ። ወልዲያ ስታዲየም ገብቼ አንድም ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ታዲያ የልጅነት ቁርሴን ያበሉኝን ሰው ሰላምታ ያስዋጠኝ የኳስ ፍቅር ነበርን? በፍጹም! ሰላምታ ማቅረብ ሱና ነው፣ መመለሱ ግን ግዴታ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ የቀረበልንን ሰላምታ በበለጠ፣ ካልሆነም በተመሳሳዩ እንድንመልስ አዞናል። እኔ ግን ከአላህ ትእዛዝ ይልቅ ከጎኔ የቆሙት ልጆች ምን ይሉኛል ማለትን አስቀደምኩ። የጭፍን ደጋፊነት በሽታ ይኸው ነው።

ይህን ስል ጨዋታን ሁሉ ለማውገዝ አይደለም። የአገራችን ሰዎች፣ ሐበሾች፣ በዒድ ቀን በመዲና መስጊድ በጦር ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሏቸውም። ዑመር (ረ.ዐ) ሊያስቆሟቸው ቢሞክሩ «ተዋቸው» ተባሉ። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ከነቢዩ ኋላ ሆና እስክትጠግብ ተመልክታለች። መሸነፍም ቢሆን በነቢዩ ቤት የታወቀ ነገር ነው። ዐድባእ የምትባለው ግመላቸው በእሽቅድምድም የሚቀድማት አልነበረም። አንድ የገጠር ዐረብ በወጠጤ ግመሉ ቀደማትና ሶሐቦች በጣም ከፋቸው። ነቢዩ ግን የዱንያ ነገር ከፍ ካለ በኋላ ዝቅ ማለቱ የአላህ ሥርዓት መሆኑን ነገሯቸው። ያ የገጠር ሰው ሳይሰደብ፣ ሳይገፋ ግመሉን ይዞ ሄደ። የዛሬ ደጋፊ ከዚህች ግመል ታሪክ ብዙ ይማራል።

እንግዲህ ጥፋቱ ከየት ይጀምራል? በአንድ ዘመቻ ላይ ከሙሃጂሮች አንዱ ከአንሷር አንዱን መታው። የተመታው «አንሷሮች ሆይ!» ብሎ ተጣራ፤ የመታውም «ሙሃጂሮች ሆይ!» አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጩኸቱን ሰምተው የጃሂሊያ ጥሪ መሆኑን ተናገሩ፤ የሚገማ ነውና ተዉት አሉ። አስተውሉ! «ሙሃጂር» እና «አንሷር» አላህ በቁርኣን ያወደሳቸው ስሞች ናቸው። ከእነርሱ የተሻለ የቡድን ስም ከወዴት ይገኛል? ሆኖም አጥፊና ተበዳይ ሳይለይ ወገንን ለመቀስቀሻ ሲውሉ ገሙ። ሙሃጂርነት ሊሸት ከቻለ ወልዲያነት፣ መቐለነት፣ ጊዮርጊስነት ወይም ቡናነት እንደማይሸት ማን ዋስትና ይሰጣል? ክለቡን መውደድ አልተከለከለም። የተከለከለው ክለቡ እውነትና ሐሰትን መለያ ሚዛን ሲሆን ነው።

ነቢያችን ወንድምህን በዳይም ሆነ ተበዳይ እርዳው ብለዋል። ሶሐቦች የተበደለውን መርዳት ገብቷቸው በዳዩን እንዴት እንርዳ ብለው ሲጠይቁ፣ ከበደሉ መከልከል እርሱን መርዳት መሆኑን አስረዷቸው። የእውነተኛ ደጋፊ ትርጉም እዚህ ላይ ነው። ድንጋይ ያነሳ የራስህ ደጋፊ አለ? እጁን ያዘው፤ ክለብህን ረዳህ። ያን ዕለት ጓደኞቼን የምወድ ብሆን ኖሮ የሰላምታውን ምላሽ ከፍ አድርጌ ማሰማት ነበረብኝ።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። በግብጽ ፖርት ሰዒድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2012 የአል መስሪና የአል አህሊ ጨዋታ ሲያበቃ ከ70 በላይ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሌላ ከተማ ክለባቸውን ተከትለው የመጡ እንግዶች ነበሩ። አብዛኛው ገዳይም ሟችም ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግድ ነበር። በአንጻሩ አዲስ አበባ ላይ በ1928 የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስና በ1968 የተመሠረተው ኢትዮጵያ ቡና ስንት ዘመን ተፎካክረዋል። ስታዲየም ውስጥ አልፎ አልፎ ጠብ አይታጣም። ሆኖም በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቤት ሁለቱን የሚደግፉ ወንድማማቾች በአንድ ትሪ ይበላሉ። ስለዚህ በተቀናቃኝ ደጃፍ መኖር ይቻላል። የሚያቅተው ልብ ሲታመም ብቻ ነው።

በሰው አገር ለሚኖረው ደጋፊም አርአያ አለው። ወደ አገራችን የተሰደዱት ሶሐቦች በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ በተነሳ ጊዜ ምን እንዳደረጉ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ነግራናለች። ለነጃሺ ዱዓ አደረጉ። ዙበይርም (ረ.ዐ) በተነፋ ስልቻ ወንዝ ተሻግሮ የውጊያውን ውጤት አይቶ መጣ። እምነታቸውን አልደበቁም፤ ለአስጠለላቸው አገርም ክፉ አልተመኙም። እንግዳ ደጋፊም እንዲሁ ነው። ፍቅሩን መደበቅ የለበትም፤ በጎረቤቱ ሐዘን ላይ መጨፈርም አይገባውም። ባለአገሩ ደግሞ ጅብሪል (ዐ.ሰ) ለነቢዩ ስለ ጎረቤት አደራ ሲደጋግምላቸው ጎረቤት ወራሽ ሊሆን ነው እስኪሉ መድረሳቸውን ያስታውስ። በዚያ አደራ ውስጥ «የክለብህ ደጋፊ ከሆነ» የሚል ቃል የለበትም። አላህም በሱረቱል ማኢዳህ ሕዝብን መጥላት ፍትሕን እንዳያስጥለን አስጠንቅቆናል።

ከዚያች ኅዳር በኋላ ብዙ ነገር አለፈ። ወልዲያ በዚያው ዓመት ከሊጉ ወረደ። መቐለ 70 እንደርታ በሚለው ስሙ በ2011 ዋንጫ በላ። የአክስቴ ባል ግን ያን ዕለት ከረሜላ አላደሉም፤ ሬዲዮውን ዘግተውት ነበር። በ2013 ጦርነት መጣ፤ በሐምሌ ወር ቆቦ ደረሰ። በሁለቱም ወገን ስንት እናት ልጇን እንዳጣች አላህ ያውቃል። የትግራይ ክለቦችም ለዓመታት ከሊጉ ጠፍተው በ2017 ተመለሱ።

መመለሳቸውን የሰማሁ ዕለት ስልክ ደወልኩላቸው። «አባባ፣ አፉ በሉኝ» አልኩ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ያውቁት ነበር። «አውፍ ብያለሁ ልጄ» አሉኝ። «ሰላምታውንስ መላኢካ ይመልስልኛል። እኔን የከበደኝ ልጆቹ መቀለዳቸውን መተዋቸው ነው። ሰው የማይቀልድበት ሰው እንግዳ ነው።» ሰባት ዓመት ሙሉ ተሸክመውት የኖሩት ይህንን ነበር።

ውድ አንባብያን! የራያ ቆቦ የዘወልድ ሽማግሌዎች ደም ያደርቃሉ። እኛ ግን ደም እስኪፈስ ለምን እንጠብቃለን? እስቲ ዛሬ ከመግሪብ በፊት እያንዳንዳችን በክለብ፣ በቋንቋ ወይም በመንደር ምክንያት ሰላምታ የነፈግነው ሰው ካለ እናስብ። ካለም እንደውልለት። አባቶችም ልጆቻችሁ ክለባቸው ሲሸነፍ ማልቀሳቸውን ብቻ አትመልከቱ፤ ክለባቸው ሲያሸንፍ በማን ላይ እንደሚስቁ እዩ። የመስጊድ ኢማሞቻችንም ከትልልቅ ግጥሚያዎች በፊት ባለው ጁምዓ አንድ ቃል ቢናገሩ መልካም ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ልቦቻችንን ያስተካክልልን፣ ጎረቤቶቻችንን ያቆይልን፣ የጠፋብንንም ሳቅ ይመልስልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።