ለማዳመጥ ገንዘብ መቀበል ይገባል?



ላንግሊ ፓርክ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድና ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ከሚገናኙበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የራሴን የቴራፒ ቢሮ የከፈትኩ ሰሞን፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ አንዲት ሀጃ ሊመርቁኝ መጡ። ሁለቱን ወንበሮች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሶፍት አዩ፤ ዱዓ አደረጉልኝ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ሰው እያለቀሰ ጭንቀቱን ሲነግርሽ ገንዘብ ትቀበይዋለሽ?» አሉኝ። ሊነቅፉኝ አልነበረም፤ የምር ግራ ገብቷቸው ነው። ያን ቀን መልስ አጣሁ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ያደግነው ጭንቀት በነጻ በሚደመጥበት አገር ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ላዘነች ሴት ጎረቤቷ ቡና አፍልታ ታጽናናታለች፤ ሸኹ ቁርኣን ይቀሩላታል። ሂሳብ የሚጠይቅ የለም።

እኔም ሥራውን የጀመርኩት በዚሁ ስሜት ነበር። በሜሪላንድ አንድ ሶሻል ወርከር ለብቻው ቴራፒ መስጠት እንዲችል ከማስተርስ ዲግሪው በኋላ 3,000 ሰዓት በባለሙያ ቁጥጥር ሥር መሥራትና ፈተና ማለፍ አለበት። ያን ሁሉ አልፌ ቢሮ ከከፈትኩ በኋላ ግን የአገሬን ሰው ገንዘብ መጠየቅ አሳፈረኝ። ከሚመጡት ብዙዎቹ ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ሌሊት አረጋውያንን የሚንከባከቡ ናቸው። ኢንሹራንስ የሌለውን ሁሉ «ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ እንተሳሰባለን» እል ነበር።

ፈቃዷን ጠይቄ፣ ማንነቷን የሚጠቁመውንም ለውጬ፣ የአንዲት እህትን ነገር ላጫውታችሁ። ስድስት ሳምንት በነጻ መጣች። በመጣች ቁጥር እጇ ባዶ አልነበረም፤ አንድ ቀን አምባሻ፣ አንድ ቀን የተፈጨ ቡና ይዛ ትመጣለች። ወሬዋ ግን ከሳምንት ሳምንት አጠረ። «እንዴት ሰነበትሽ?» ስላት «አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ተሻለኝ» ትላለች፤ ዓይኗ ግን እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል። በሰባተኛው ሳምንት ቀረች።

ከወራት በኋላ ደወለችልኝ። «በነጻ እየሰማሽኝ አልተሻለኝም ማለት ይሉኝታ ያዘኝ። ሃያ ዶላር ልክፈልና ልምጣ» አለችኝ። መጣች። በሁለተኛው ቀጠሮ፣ «ባለፈው ያልሽኝ ነገር አስከፍቶኝ ነበር» አለችኝ። ሥራችን በእውነት የጀመረው ያን ዕለት ነው። በነጻ በመጣችባቸው ሳምንታትም ለካ ስትከፍል ነበር፤ የምትከፍለው በይሉኝታ ነበር። እኔ ደግ የሆንኩ እየመሰለኝ ዕዳ አሸክሜያታለሁ።

ፈትዋ መስጠት የዑለማዎች ነው፤ እኔ የማውቀውን አንድ ታሪክ ብቻ ላስታውስ። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ሰሃባዎች በጉዞ ላይ ሳሉ እንግድነት የከለከላቸው ጎሳ አለቃ ተነደፈ። ከሰሃባዎቹ አንዱ በበግ መንጋ ተዋውሎ ፋቲሓን ቀራበትና ሰውየው ዳነ። ጓደኞቹ ግን ክፍያውን መንካት ፈሩ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቋቸው አጸደቁላቸው፤ ለእሳቸውም ድርሻ እንዲያወጡላቸው ነገሯቸው። የነዚያ ሰሃባዎች ፍርሃት ዛሬም ልብ ውስጥ ቢኖር መልካም ነው፤ ለገንዘብ ብቻ ከመሮጥ ይጠብቃል። ክፍያውን ግን ሐራም አያደርገውም።

ዲናችን በኢጃራ ውል ዋጋው አስቀድሞ እንዲታወቅ ያዛል። የዚህ አገር ሕግም ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ኢንሹራንስ ለሌለው ወይም ከኪሱ ለሚከፍል ተገልጋይ የዋጋ ግምቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው አዟል። የእኔ «ሌላ ጊዜ እንተሳሰባለን» በሁለቱም ሚዛን ጎዶሎ ነበር።

ገንዘብ የራሱ ፈተና አለው፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። በእኔ ሥራ ሰው ሲድን ገቢዬ ይቀንሳል። አንድ ወር፣ የቢሮው ኪራይ ሊደርስ ሲል፣ ሊጨርስ የተዘጋጀን ሰው «ጥቂት ሳምንት ብንጨምር» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለእሱ ብዬ ነው ወይስ ለኪራዩ? ኒያዬን ስመረምር ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ በየስምንት ቀጠሮው «አሁንም ያስፈልግሃል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱ የተገልጋዩ ነው።

ሃያ ዶላርም የሌለውስ? በሳምንት ሁለት ቀጠሮ ለሰደቃ ለይቻለሁ። ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ከመጀመሪያው በጽሑፍ እንስማማለን፤ አምባሻ ማምጣት አያስፈልግም፤ «አልተሻለኝም» ማለት ግን መብቱ እንደሆነ በግልጽ እነግረዋለሁ። ማን በምን እንደሚመጣ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። መስጂድ ስንገናኝም እሱ ካላናገረኝ በቀር እንደማንኛውም ሰው አልፈዋለሁ። ይህ አማና ነው።

ሀጃ፣ ያኔ ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው። እንባ ዋጋ የለውም፤ ማንም ሊሸጠው ሊገዛው አይችልም። የምቀበለው የጊዜዬን፣ የክፍሉንና የተማርኩትን ነው፤ የሚነግረኝ ሰውም ምንም ሳይቀርበት፣ ቀና ብሎ ከበሬ እንዲወጣ ነው። ከተሳሳትኩ አላህ ይማረኝ፤ እርስዎም ዱዓዎን አይንፈጉኝ።

ወላሁ አዕለም።