ሳትጠይቁ ለተናገራችሁ

የግብርና ኤክስቴንሽን ዕቅድ የምታወጡ፣ መልእክት የምትቀርጹ፣ ለሬዲዮና ለፖስተር በጀት የምትመድቡ፣ ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ነው። ገበሬውን «አዲስ ነገር አይቀበልም» እያላችሁ ስትከሱት ኖራችኋል። ክሱን አንሡ። ኑሮውን ሳታጠኑ ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ጥፋቱም የእናንተ ነው።

ለብዙ ዓመታት ለሄክታር መቶ ኪሎ ዳፕና መቶ ኪሎ ዩሪያ አላችሁ። ለደጋው ያው፣ ለወይና ደጋው ያው፤ ውሃ ለሚያቁረው ዋልካ ያው፣ ለቀዩ አፈር ያው። ልማት ሠራተኛው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ጭቃውን የሚረግጠው እሱ ነው። ያየውን የሚጽፍበት ቅጽ ግን አልሰጣችሁትም። ቅጻችሁ የሚጠይቀው ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ኩንታል ተሰራጨ ብቻ ነው። ኮታ ጫናችሁበት፤ ይባስ ብላችሁ የማዳበሪያ ዕዳ አስመላሽ አደረጋችሁት። ጠዋት ዕዳ ሊጠይቀው ለመጣ ሰው፣ ገበሬው ከሰዓት በኋላ የልቡን ያጫውተዋል ብላችሁ እንዴት አመናችሁ?

1993ን እና 1994ን አስታውሱ። ምርጥ ዘር ግዙ፣ ማዳበሪያ ጨምሩ፣ በቆሎ ዝሩ አላችሁ፤ ገበሬው ሰማችሁ። ምርቱ ሞላ፣ ዋጋው ወደቀ። በቆሎው የመሰብሰቢያ ወጪውን እንኳ አልመልስ ብሎ ማሳ ላይ የቀረበት ቦታ ነበር። ዕዳው ግን እንዳለ ነበር፤ በሬ እየተሸጠ ተከፈለ። ከዚያ ዝናቡ ከዳ፣ በ1995 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠበቀ። ስለ ምርት ያን ያህል ስትሰብኩ ስለ ገበያ ዝም ያላችሁት ለምንድን ነው? ማን የት ይሸጣል፣ ዕዳውን በየትኛው ወር ይከፍላል ብላችሁ ስላልጠየቃችሁ ነው። በዚህ የተጎዳው ሰው በማግስቱ «አልቀበልም» ቢላችሁ መብቱ ነው።

ገበሬው ምክር ጠልቶ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. 8028 የተባለው ነጻ የግብርና ምክር የስልክ መስመር ሲከፈት በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ ጎረፈ። ሳትጠይቁ የተናገራችሁት ለወንዱ ብቻ አይደለም፤ ሴቶቹንም በደላችሁ። አባወራውን ስብሰባ ጠርታችሁ «ቤተሰቡ ሠለጠነ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ዘር የምታስቀምጠውን፣ የምታርመውን፣ ጎተራውን የምትጠብቀውን ሴት ግን በየትኛው ሰዓት ሬዲዮ መስማት እንደምትችል የጠየቃት የለም።

ንስሐ ግቡ። መመለስ ለትልቅ ሰውም አያሳፍርም፤ የፈጠራ ሥርጭትን ትምህርት ለዓለም ያስተማረው ኤቨረት ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1976 የቆየው የልማት ተግባቦት እሳቤ ዘመኑ አልፏል ብሎ በአደባባይ ጽፏል። እናንተን ምን ይዟችኋል?

ንስሐችሁ በአዳራሽ ንግግር አይፈጸምም። የዕዳ ማስመለሱን ሥራ ከልማት ሠራተኛው ጫንቃ አውርዱ። በቅጹ ላይ «ገበሬው ለምን አልተቀበለም?» የሚል ጥያቄ ጨምሩ፤ በመልሱም ማንንም አትገምግሙበት። ፖስተሩ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ረቂቁን ይዛችሁ ማሳ ውረዱ፤ ለገበሬዎቹ ያልገባቸውን ሥዕል ጣሉት። ጥናቱንም ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ ለይስሙላ አታስጠኑ። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ይጀምራል። ከሱ ላይ አስቀድማችሁ ለመጠየቅና ለማዳመጥ መድቡ፤ ለዚያ የሚሆን ብር የለም የምትሉ ከሆነ ፖስተሩንም አታሳትሙ።