መድኃኒት እምቢ ሲል

ሰው በሚጥል በሽታ ወድቆ ሲንፈራገጥ፥ ብዙዎቻችን ክብሪት ጭረን እናሸተውና፥ አረፋው እንዳይነካን ወደ ኋላ እንላለን። በሽታው በአረፋ የማይተላለፍ ስለ ሆነ፥ ይህ ሽሽት ከጥንቃቄ ሊቈጠር አይችልም።

መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ያለፈ እንደ ሆነ በራሱ የማቆሙ ተስፋ ይመነምናል። ቶሎ የተሰጠ ዲያዜፓም ብዙ ጊዜ ያበርደዋል፤ በዘገየ ቍጥር ግን የአንጎል ሕዋሳት መድኃኒቱ የሚሠራባቸውን መቀበያዎች ወደ ውስጥ ስለሚሰበስቡ፥ የዚያው መድኃኒት ኃይል ይደክማል። ሁለተኛው፥ ፌኒቶይን ወይም ፌኖባርቢታል፥ ካልመለሰው ሐኪሙ በማደንዘዣ ጥልቅ እንቅልፍ ያስተኛዋል። ማደንዘዣው ትንፋሽን ጭምር ስለሚያዳክም በመሣሪያ መተንፈስ ግድ ይሆናል፤ ስለዚህም ነገሩ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይደርሳል።

እንግዲህ ከጌዴኦ ምድር፥ ከቡሌ ደጋ፥ በእንሰቱ መካከል በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዲላ የሚወርዱትን እናስብ። በመንገዱ ርዝመት አይወቀሱም። ያላወቀ ጎረቤትም ቢፈራ አንፈርድበትም። (በጊዜው ታክሞም የማይበርድ አለ፤ የአንጎል ብግነት ያመጣው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ነው።) ነገር ግን ፊደል የቈጠርነው፥ ያስተማርነውና የተማርነው፥ ቆመን ካየን በኋላ «መድኃኒት እምቢ አለው» ስንል፥ ለእምቢታው ጊዜ የሰጠነው እኛ እንደ ሆንን መካድ እንችላለንን?

በአፉ ምንም ሳይከት በጎኑ ያስተኛው፥ ሰዓቱንም ያየ ሰው፥ ሐኪሙ አስቀድሞ ለሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ይዞ ይደርሳል፤ ይኸውም መቼ እንደ ጀመረው ነው።