ዳነ የሚባለው መቼ ነው?

«ተመስገን፣ ዳነ!» ይህን ቃል ያልሰማ ሰው በመካከላችን የለም። በጽኑ ታሞ የነበረ ሰው ዐይኑን ገልጦ ውሃ ሲጠይቅ፣ ወይም ከሐኪም ቤት ወጥቶ ደጁ ሲደርስ፣ ዘመድ ወዳጁ ይህንኑ ይላል። ደስታው ተገቢ ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ነገር ግን፣ ውድ አንባብያን፣ ቃሉን ረጋ ብለን ብንመረምረው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጠቅልሎ የያዘ ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው ከሞት መትረፍ ነው። ሁለተኛው ወደ ቀድሞ ሰውነት መመለስ ነው። በሁለቱ መካከል ረጅም ጊዜ አለ፤ አንዳንዴ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄያችን በዚያ በመካከሉ ጊዜ ስላለው ሰው ነው። ከእርሱ ምን ይጠበቃል? ለእርሱስ ምን ይገባዋል?

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ የቅርብ ምሳሌ እናንሣ። በኢትዮጵያ የኮሮና በሽታ መጀመሪያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ጤና ሚኒስቴር በየቀኑ ያወጣው በነበረው መግለጫ የተመረመሩ፣ የተያዙ፣ በጽኑ የታመሙ፣ የሞቱና ያገገሙ ሰዎች ቁጥር ተለይቶ ይነገር ነበር። «ያገገሙ» የሚለው ቁጥር ያጽናናል፤ ሰውም ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቀው ነበር። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚናገረው ሰውየው ከበሽታው ነጻ መሆኑን እንጂ ደረጃ መውጣት መቻሉን አልነበረም። ሁለት ቀን ጉሮሮውን አሞት የተወውም ሰው፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በኦክስጅን ተደግፎ ሳምንታት የቆየውም ሰው፣ ሁለቱም በአንድ ቃል ተመዘገቡ። መንግሥት መቁጠር ስላለበት ይቈጥራል፤ በዚህ አንፈርድም። የሚያሳዝነው ጎረቤትም እንደ መዝገብ ቤት ማሰብ ሲጀምር ነው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው ነገር ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። በ1952 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የተባለ ሐኪም መተንፈስ ላቃታት አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮዋ ተበስቶ በቱቦ አየር እንዲገባላት አደረገ። በቂ ማሽን ስላልነበረ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የሕክምና ተማሪዎች ሌት ተቀን እየተፈራረቁ የጎማ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ሕሙማኑን አስተነፈሱ። ልጅቱ ከሞት ተረፈች። ነገር ግን እጅና እግሯ አልታዘዝ እንዳላት እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ኖረች። ሕክምናው ገና ሲጀመር የተረፈችው ይህች ልጅ ነችና ጥያቄያችንም ከዚያው ቀን ይነሣል።

ሰውነት ምን ይሆናል? በጽኑ የታመመ ሰው አካል ጎተራው ባዶ ሆኖበት ለዘር ያስቀመጠውን እህል እንደሚበላ ገበሬ ነው። ትኩሳቱንና መርዙን ለመቋቋም ብዙ ነገር ያስፈልገዋል፤ በአፉ የሚገባው ግን አይበቃም፤ ስለዚህ የገዛ ጡንቻውን እየናደ ይጠቀምበታል። በዚያ ላይ ያለ እንቅስቃሴ ተኝቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሞ በወጣ በለንደን በተደረገ ጥናት የጽኑ ሕሙማን የፊት ጭን ጡንቻ በ10 ቀን ውስጥ 18 በመቶ ያህል መሟሸሹ ተለክቷል። ከአንድ በላይ የውስጥ አካላቸው የተጎዳባቸው ደግሞ ከዚህም የባሰ አጥተዋል። የዘር እህል ከተበላ በኋላ ዝናብ ቢመጣም ወዲያው አይታጨድም፤ የጡንቻም ነገር እንደዚሁ ነው። ነርቮችም ይጎዳሉ። ቱቦ ገብቶለት የነበረ ሰው ድምፁ ይሻክራል፤ መዋጥም ይቸግረዋል። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ፣ ሁሉም አለቀ ሲባል፣ ፀጉሩ ይረግፋል። ይህን የመጨረሻውን አሮጊቶቻችን ከማንም ሐኪም በፊት ያውቁት ነበር፤ ከከባድ ንዳድ የተነሣ ሰው ፀጉሩን ሲያራግፍ አይደነግጡም።

በካናዳ ሳንባቸው በጽኑ ተጎድቶ የተረፉ ሰዎችን ሐኪሞች ለዓመታት ተከታትለዋቸው ነበር። ሰዎቹ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች አልነበሩም፤ በአርባዎቹ አጋማሽ የሚገኙ ናቸው። በዓመቱ ወደ ሥራ የተመለሱት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ እንኳ በስድስት ደቂቃ ውስጥ መራመድ የቻሉት ርቀት በዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ሦስት አራተኛ ያህል ነበር። ይህ የሆነው ሐኪም በማይጠፋበት፣ እንጀራ በማያሳስብበት አገር ነው።

እዚህ አያሃ ላለን ሰዎች ግን ነገሩን ከጥናት መማር አያሻንም። ስሙን የማንጠራው አንድ የቀን ሠራተኛ በመካከላችን አለ። ከመታመሙ በፊት በሐርጌሳ ግንባታ ቤቶች ሲሚንቶ ያቦካ፣ ድንጋይ ይሸከም ነበር። ሦስት ሳምንት በሞትና በሕይወት መካከል ከተኛ በኋላ ተርፎ ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሰው መጣ። በወሩ አንድ ጀሪካን ውሃ ማንሣት አቅቶት እጁ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሰዎች ቀስ ብለው ማጉረምረም ጀመሩ፤ «ሚስቱ ልብስ እያጠበች ታበላዋለች፣ እርሱ በልቶ ይተኛል» ተባለ። ሐሜቱ ጆሮው ደረሰ። ወደ ሥራ ወጣ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ወድቆ በሰው ትከሻ ተመለሰ።

ይህ ሐሜት ከክፋት ብቻ የመጣ አይመስለንም። እግሩ ተሰብሮ በጀሶ የታሰረ ሰው ሲመጣ ሁሉም ብድግ ብሎ በርጩማ ያቀርብለታል፤ ስብራቱ ይታያልና። ጡንቻው ያለቀበት ሰው ግን የሚያሳየው ቁስል የለውም። ፊቱ ጥቂት ከወዛ ጤነኛ ይመስላል። ሌላም ምክንያት አለ፤ በስደት ኑሮ እያንዳንዱ ቤት ራሱን የሚችለው በጭንቅ ስለሆነ የማይሠራ እጅ ያስቈጣል። ቊጣው ይገባናል። ፍርዱ ግን ስሕተት ነው፤ አንድ ሰው ሊሠራው በማይችለው ነገር ሰነፍ ሊባል አይችልምና። ስንፍና አቅም ላለው ሰው የተቀመጠ ቃል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንለው የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው። ሕዝባችን ሰውነቱ የተጎዳን ሰው እንዴት እንደሚያኖር ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ማስረጃው አራስ ናት። አራስ ውሃ አትቀዳም፤ እንጨት አትለቅምም። ገንፎና አጥሚት ይቀርብላታል። ክርስቲያኖች ዘንድ ክርስትና እስኪነሣ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ይጠበቃል። አስተናጋጆቻችን ሶማሌዎችም አርባውን ቀን ጠብቀው «አፈርተን ባሕ» ብለው መውጫዋን ያከብራሉ። ለዚህች ሴት «ወልደሽ ተገላግለሻል፣ ምን ያስተኛሻል?» የሚላት ጎረቤት ቢገኝ ነውረኛ ይባላል። ከሞት የተመለሰ ሰውስ ከአራስ በምን ያንሳል? እርሷ ልጅ አቅፋ ስለምትታይ ነው እንጂ የደከመ ሥጋ ያው ሥጋ ነው። ደግሞም እድር አለን፤ እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ለሚወለድ ሥርዓት አለን፣ ለሚሞት ሥርዓት አለን። ሊሞት ደርሶ ላልሞተ ሰው ግን ከአንድ ሳምንት ጥየቃ በቀር የተሠራለት ሥርዓት የለም።

«እንግዲያው ይተኛ፤ ማንም አይንካው» የሚል ቢኖር እዚህ ላይ እናቆመዋለን፤ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለምና። መኝታ ራሱ ይጎዳል። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለምርምር ሲባል ሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲተኙ ተደረገ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው አምስት ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ የሦስቱ ሳምንት መኝታ የሥራ አቅማቸውን ከሠላሳው ዓመት እርጅና የበለጠ ጎድቶት እንደ ነበር ታወቀ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በመተንፈሻ ማሽን ላይ እያሉ ማደንዘዣው በየቀኑ እየተቋረጠላቸው ቀደም ብለው እንዲቀመጡ፣ እንዲቆሙና እንዲራመዱ ከተረዱት ሕሙማን 59 በመቶው ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው እንደ ነበር፣ እንደ ተለመደው ከታከሙት ግን 35 በመቶው ብቻ እንደ ሆኑ አሳየ። ስለዚህ «ተኛ፣ ተኛ» የምትል እናትና «ተነሥ፣ ሥራ» የሚል ጎረቤት ሁለቱም ሕመምተኛውን ብቻውን ይተዉታል፤ አንዷ በፍቅር፣ አንዱ በወቀሳ። የሚያስፈልገው ሦስተኛ ሰው ነው፤ ክንዱን ይዞ ዛሬ እስከ በሩ፣ ነገ እስከ ቦቴው ማቆሚያ አብሮ የሚሄድ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። ጊዜ ግን ይወስዳል፤ ከገንዘብ ይልቅ የሚሰሰተውም ይኸው ነው።

ስለ ምግብም አንድ ነገር እንበል። በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆቻችንን ያሳከምን ወላጆች ነገሩን አይተነዋል፤ በመጀመሪያ ኤፍ 75 የሚባለው ቀለል ያለ ወተት በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፣ ሰውነታቸው ሲረጋጋ ኤፍ 100 ይከተላል። ክፉኛ የከሳን ሰው በአንድ ቀን ብዙ ማብላት የደሙን ማዕድናት አዛብቶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ለተረፈው ሰው በደስታ በግ አርዶ «ብላ፣ በሞቴ!» ማለት ሁልጊዜ ደግነት አይደለም። ጉርሻችን እጅግ የምንኮራበት ነገር ነው፤ ግን በዚህ ጊዜ ሾርባና የግመል ወተት በትንሽ በትንሹ ይሻላል። ሐኪም የከለከለው ካለ ደግሞ የሐኪሙ ቃል ይቅደም።

ከሥጋው ይልቅ የሚከብደው የአእምሮው ጉዳይ ነው። በጽኑ የታመመ ሰው ይቃዣል፤ ያልነበረ ያያል፣ የሌለ ሰው ያነጋግራል። በአሜሪካ 821 ሕሙማንን የተከታተለና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሦስት አራተኛ ያህሉ በሆስፒታል ሳሉ እንደ ቃዡ ገልጿል። በዓመቱ እንኳ ሲፈተኑ ከሦስቱ አንዱ ያህል የማስታወስና የማሰብ ውጤቱ ጭንቅላቱ ላይ መካከለኛ ጉዳት እንደ ደረሰበት ሰው ነበር። በእኛ ዘንድ ይህ ሲታይ ዛር ነው፣ ጂኒ ነው፣ ቡዳ ነው ይባላል። በማንም እምነት ጣልቃ አንገባም። ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፤ ነገር ግን ቅዠቱ የበሽታው አንድ ክፍል መሆኑ ይታወቅ፣ ሕመምተኛውም እንደ ተረገመ ሰው አይታይ።

ከዚሁ ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። አንድ ሕመምተኛ ሌት ተቀን የምታስታምመውን እኅቱን «አንቺ ነሽ የሸጥሽኝ፤ መርዝ ሰጠሽኝ» ብሎ በሰው ፊት ጮኸባት እንበል። ዳነ፤ ነገሩን አያስታውስም። እርሷ ግን አልረሳችም። ይቅር ልትለው ይገባታልን? ይህችን ወረቀት የምናዘጋጅ ሰዎች በዚህ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክረንበታል። ከፊላችን ይቅርታ በዳይ ሲኖር ነው፣ እዚህ በዳይ የለም፣ ስለዚህ ይቅር የሚባልም ነገር የለም አልን። ከፊላችን ደግሞ በዳይ ባይኖርም ቁስሉ አለ፤ «በዳይ የለምና አልተጎዳሽም» ማለት ሁለተኛ በደል ነው አሉ። የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው፤ እርሱን ሳይወቅሱ የእርሷን እንባ መስማት ይቻላል። በ2010 እ.ኤ.አ. ባለሙያዎች ተሰብስበው ከጽኑ ሕክምና በኋላ ለሚመጣው የአካል፣ የማሰብና የመንፈስ ችግር አንድ የጋራ መጠሪያ ሲያወጡለት ያስታመመውን ቤተሰብም ጨምረውበታል። አስታማሚዋ የታመመችበት ሰዓት አለና ይህን ስናነብ ደስ ብሎናል።

ለተቃዠ ሰው የሚጠቅም አንድ ልማድ በስካንዲኔቪያ አገሮች ተጀምሮ ወደ ሌላም አገር ተዛምቷል። ነርሶችና ቤተሰቦች በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ደብተር ያኖራሉ፤ በየቀኑ የሆነውን በቀላል ቋንቋ ይጽፉለታል። ሲነቃ የጎደለበትን ቀን ከደብተሩ ያገኛል፤ ያየው ቅዠት እንደ ነበር፣ የሆነው ደግሞ ምን እንደ ነበር ይለያል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውሮፓ ጥናት ደብተሩ በኋላ የሚመጣውን ድንጋጤና ቅዠት እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ግን ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ መድኃኒት ነው ብለን አናውጅም። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ሐኪሞቹ የሚነጋገሩበትን ቋንቋ በማያውቅበት አገር፣ የትኛው ቀን እንደ ሆነ በራሱ ቋንቋ የሚነግረው ጽሑፍ ማግኘቱ በምንም ሚዛን ትንሽ ነገር አይደለም።

እኛ ጽሑፍ በእጃችን የምንገለብጥ ሰዎች ነንና ለዚህ ሥራ እንግዶች አይደለንም። በጽኑ የታመመ ሰው ያለው ቤተሰብ፣ መጻፍ የማይችል ወይም ከድካሙ የተነሣ ጊዜ ያጣ ቢኖር፣ ወረቀቷን ላደረሰላችሁ ሰው ብትነግሩ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን እንመጣለን። ረጅም ነገር አይጻፍም። ቀኑ፣ የመጣው ጠያቂ ስም፣ የበላውና የጠጣው፣ የተናገረው ካለ የተናገረው፣ ከተነሣም በኋላ ስንት እርምጃ እንደ ሄደ፣ በዚያን ቀንም ዝናብ መዝነቡ ወይም አለመዝነቡ ይበቃል።