ሰኞ ሳይመጣ

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የሥራ ሳምንታቸውን የሚጀምሩት እሁድ ስለሆነ፣ ልባቸው የሚከብደው ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ ሐሙስና ዓርብ ታርፍ ነበር፤ በዚያ ዓመት ዕረፍቱን ወደ ዓርብና ቅዳሜ አዛወረችው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሁድን ማረፊያ አደረገች። ቀኑ በአዋጅ በተዛወረ ቁጥር የዋዜማው ጭንቀትም አብሮ ይዛወራል። ስለዚህ ሰኞን መውቀሱ ከንቱ ነው። የሚከብደው ድንበሩ ነው፤ የራሳችን ካልነው ጊዜ ወጥተን ሌላ ሰው ወደሚያዝበት ጊዜ የምንሻገርባት ሰዓት።

ድንበር እንዲኖር ግን አስቀድሞ የራስ የሚባል ጊዜ መኖር አለበት። ሪያድ ወይም ቤሩት በሰው ቤት ተቀጥራ፣ የዕረፍት ቀን ሳይሰጣት የምትሠራ እህታችን ይህን የዋዜማ ጭንቀት ላታውቀው ትችላለች። አለማወቋ ሊያስቀናን አይገባም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ የሚጀምረው እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ነው። ሸሚዝ እየተተኮሰ፣ የልጆች ዩኒፎርም ከገመድ እየተሰበሰበ፣ ቡናው ገና በረካ ሳይደርስ ሐሳብ ቀድሞ ቢሮ ይገባል። አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ጊዜ ሲመራመር፣ መጪው ጊዜ ገና ስላልመጣ የለም፤ ያለው አሁን ነፍስ ውስጥ ያለው መጠበቅ ነው ይላል። ከዚህ «እንግዲያው በሌለ ነገር ለምን ትጨነቃለህ?» የሚል ማጽናኛ ማውጣት ቀላል ነው። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል። እውነተኛው ሰኞ የሚመጣው በየደቂቃው ተከፋፍሎ ነው፤ አንዱን ባለጉዳይ ስንሸኝ ሌላው ይቀርባል፣ እጃችንም ሥራ ይዟል። በመጠበቅ ውስጥ ያለው ሰኞ ግን ሳምንቱን በሙሉ አስከትሎ በአንድ ጊዜ ይመጣብናል፤ እኛም የምንገጥመው ባዶ እጃችንን ሶፋ ላይ ተቀምጠን ነው። እሁድ ማታ ከሰኞ ጠዋት የሚብሰው ለዚህ ይመስለኛል።

ዴንማርካዊው ፈላስፋ ሶረን ኪርክጋርድ እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው «የጭንቀት ጽንሰ ሐሳብ» ፍርሃትን ከጭንቀት ይለያል፤ ፍርሃት ይኼ ነው የሚባል ነገር አለው፣ ጭንቀት ግን የለውም። እሱ ጉዳዩን ከሰው ልጅ ነፃነት ጋር አያይዞ ሩቅ ይወስደዋል። ለእሁድ ማታ ግን መነሻው ብቻ ብዙ ይጠቅማል፤ ጭንቀቱን ወደ ፍርሃት መመለስ ይቻላልና።

ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ የሆነች ጎረቤቴ አንድ እሁድ ምሳ እንኳ ሳትቀምስ ዋለች። ምን እንደሆነች ስጠይቃት «ሰኞ መጣ እኮ» አለችኝ።

«ሰኞ ምን አለ?»

«ሥራ ነዋ!»

«ሥራው ላይስ?»

ዝም ብላ ቆየችና «ሥራ አስኪያጁ ትናንት ስንወጣ ‹ሰኞ ጠዋት አናግሪኝ› ብሎኛል» አለች። ቀኑን ሙሉ ሆዷን የበላት ይኸው ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ አየነው። ቅዳሜ ሒሳቧን የዘጋችው ያለ ጉድለት ነው፤ ስለዚህ የሒሳብ ጉዳይ አይደለም። ዝውውር ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ማንን እንደምታነጋግር ታውቃለች። ሌሊቱን ተኛች አልልም፤ ራቷን ግን በላች። «ዘና በይ፣ ፊልም እዪ» ብላት ኖሮ ፊልሙን እያየችም ጭንቀቱ አይለቃትም ነበር።

ፈልገን ያገኘነው ነገር እውነት ሆኖ ሲገኝስ? በየሰኞው ስብሰባ ሰው ፊት የሚዋረድ ሠራተኛ ጭንቀቱ ልክ ነው። እሱን በረጅሙ ተንፍስ ማለት የሚያየውን እንዳያይ መከልከል ነው። የሚያስፈልገው አብሮት የሚመሰክር ባልደረባ፣ አቤቱታውን የሚሰማ ሰው፣ ያ ካልሆነም ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሌላ ሥራ በዚህ ኑሮ በቀላሉ እንደማይገኝም አውቃለሁ።

ስለ ጭንቀት የሚሰጠው ምክር ሁሉ ወደ ተጨናቂው ብቻ መዞሩ ያንገበግበኛል። የጎረቤቴ አለቃ ሰኞ የፈለጋት ስለ ዓመት ፈቃዷ ሊነግራት ነበር። ቅዳሜ በር ላይ «ስለ ፈቃድሽ» ብሎ ሁለት ቃል ቢጨምር ኖሮ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምታርፍ ሴት እሁዷን ባልተቀማች።